ከወቅት ውጪ

ሰባ ደረጃ አናት፣ ፎቁ ላይ፣ ሁለተኛው በር፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው መንገድ ስቆጥር፣
ከጀርባዬ ግድግዳ አንድ ባሕር ነበር።
ሰማያዊ ውሃ፣ በኖራ የነጣ ቤት፣
ደጃፉ ላይ ድመት፣
ከሥሩ በቀይ ቀለም፦ "ፀሐይ የማትጠልቅባት ደሴት"።

ለዱባይ ሊከፍል የመጣው ነጋዴ
ዐይኑ እኔን አልፎኝ እሷ ላይ ይቀር ነበር አንዳንዴ፤
"ይቺስ ስንት ናት?" ይላል፣ ኪሱን እየዳሰሰ፤
እኔም እነግረዋለሁ፣ ሄዶ እንደ ደረሰ።

ከዕለታት በአንዱ ጥር፣ አለቃዬ አቶ ደስይበለው
(እጁ ቶሎ አይፈታም እንጂ ልቡ ደግ ሰው)
"ትርፍ ወንበር አለ፣ ሂጂ፣ ርካሽ ነው" አለኝ።
"ከወቅት ውጪ" የምትል ቃል ከዋጋው ዝርዝር ላይ
አውቃታለሁ፤ ዝናቡን ማን ነገረኝ?

እዚህ ጥር ነው፤ አራዳ በሰርግ መኪና ጡሩምባ
ጆሮዋ ሲደነቁር፣ መስኮቱ ሁሉ አበባ፣
እኔ በነጠላ ጫማ ከመርከብ ስወርድ እዚያ
ዶፍ ነው የተቀበለኝ፣ ነፋስ፣ ጨው፣ ባዶ ገበያ።

ያቺ የግድግዳዬ፣ በሯ ሁሉ ተዘግቶ፣
ወንበሩ ጠረጴዛው ላይ እግሩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣
የአይስክሬሙ ማቀዝቀዣ በላስቲክ ተገንዞ፣
ሆቴሉ "በሚያዝያ እንገናኝ" የሚል ወረቀት ይዞ።
አንድ የባሕር ወፍ ብቻ፣ ታክሲ ፌርማታ ላይ ቆሞ፣
ተራው የደረሰ ይመስል አየኝ፣ አጎንብሶ፣ ቀና ብሎ ደግሞ።

ሳቅሁ። ምን ላድርግ? ለራሴ የሸጥኩት ሥዕል ነው፤
ሻጯም ገዢዋም እኔ፣ ማንን ነው የምከሰው?

ሦስት ቀን ዘነበ።
ክፍል ያከራየችኝ አሮጊት ኪራ ማሪጎ ትባላለች፤
የጋዝ ምድጃዋን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ ተቀመጠች።
ቋንቋችን አይገናኝም፤ በጣት፣ በቅንድብ አወራን፤
ከጓሮዋ ብርቱካን በጉያዋ አመጣች፣ ላጥን፣ በላን።
በፀሐዩ ጊዜ፣ አለች በእጇ፣ ሰው እንዲህ ነው፣ ጉንዳን፤
አሁን፣ አለች ደረቷን ነክታ፣ አሁን ነው የኛ፣ የብቻችን።

ልነግራት ፈለግሁ፦ በእኛ አገር ክረምት ሐምሌ ነው፣
ያንቺ በጋ የእኛ ጭቃ፣ ያንቺ ዝናብ የእኛ ሰርግ ነው፤
ስሙ አንድ፣ ክረምት፣ ወሩ ብቻ ተጣልቶ።
በጣት የሚነገር አልነበረም። ቀረ፣ ምላሴ ላይ ተኝቶ።

በአምስተኛው ማለዳ፣ ዝናቡ ለአፍታ ሲያባራ፣
ባሕሩን አየሁት፦ ሰማያዊ አይደለም፣
እርሳስ ነው፣ የሚተኛና የሚነሣ ተራራ።
ፎቶ አላነሣሁም። ለማን አሳየዋለሁ?
ግድግዳዬን ካልመሰለ "ዋሸሽ" እባላለሁ።

ተመለስኩ። ሥዕሉን አላወረድኩትም።
ደንበኛ ሲጠይቅ "ደስ ትላለች" እላለሁ፤
ከዚያ ሌላ አንድ ቃል አልጨመርኩበትም።

ዘንድሮ ነሐሴ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሰማዩ ተቀዶ፣
የቸርችል ቁልቁለት ወንዝ ሆኖ ፌስታሉን ይዞ ወርዶ፣
ከሕንፃችን በረንዳ ሥር ሁለት ፈረንጆች አየሁ፤
ሽበታም ባልና ሚስት፣ የራሰ ካርታ ታቅፈው፤ ቆምኩ፣ ለየሁ።
ማን ነበረች የሸጠችላቸው? የትኛዋ እኔን መሳይ፣
በየትኛው ከተማ ቁጭ ብላ፣
ከጀርባዋ "አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ"?

ትርንጎ፣ በቆሎ ጠባሿ፣ ሽቦው በወጣ ጃንጥላ
ከሰሏን እየጋረደች ዝናቡን ትረግማለች፣ ከላይ እስከ ታች፣ አብጠልጥላ።
ሦስት ገዛሁ። አንዱን ለሴትዮዋ፣ አንዱን ለእሱ፤
ትኩሱን በሁለት እጅ ሲይዙ ትከሻቸው ወረደ፣
ደረቅ አገር እንደገባ ሰው ተነፈሱ።

እንግሊዝኛ ነበረኝ፣ ለሥራ የተማርኩት፤ አላወጣሁትም።
ባዶውን መንገድ አሳየሁ፣ የተዘጋውን ሱቅ፣ ጎርፉን፤
ገባቸው፣ አልገባቸው፣ አላውቅም።
ደረቴን ነካሁና "አሁን" አልኩ።
ትርንጎ ከኋላዬ፦ "ምን ሆነሻል አንቺ፣
ሦስተኛው በረደ እኮ!"
እውነቷን ነው። ዞሬ ነከስኩ።